24 ሚሊዮን ዶላሩ ማን ኪስ ገባ?

ጥያቄው፦ «የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2024 የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት ሎቢ ለማድረግ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳወጣ አነበብኩ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ አገር ለትራፊክ ፖሊስ 20 ዶላር ብዘረጋ እጄን በካቴና ታስሬ ነው የምሄደው። ታዲያ ይሄ በእኛ ቋንቋ ጉቦ አይደለም? ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? ሕጉስ እንዴት ፈቀደ? ይህን ሁሉ አውጥተውስ ምን ያገኛሉ?»

የገንዘቡን መድረሻ ላስቀድም፤ ሌላው ከዚያ ይከተላል። ከ24.4 ሚሊዮኑ ዶላር ውስጥ ለሴናተር ወይም ለተወካዮች ምክር ቤት አባል የተከፈለ አንድም ሳንቲም የለም። የተከፈለው ሕግ አውጪዎችን ለሚያግባቡት ደጅ ጠኚዎች፣ ሎቢስት ለሚባሉት ነው። ለኩባንያው ቅጥር ሎቢስቶች ደመወዝ፣ በውል ለሚሠሩለት የሎቢና የሕግ ድርጅቶች ወርኃዊ ክፍያ፣ ለዋሽንግተኑ ቢሮ ወጪ፣ ጥናትና መከራከሪያ ለሚያዘጋጁ ሰዎች። ሰዎቹም ጥቂት አይደሉም። በዚያ ዓመት በሜታ ስም የተመዘገቡት ሎቢስቶች ከ60 በላይ ነበሩ፤ ለ535ቱ የኮንግረስ አባላት ብናካፍላቸው ለዘጠኝ አባላት ቢያንስ አንድ ሎቢስት ይደርሳል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የማውቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ለዓመታት ለሎቢ ድርጅቶችና ለደንበኞቻቸው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ሪፖርቱ በዓመት አራት ጊዜ፣ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በ20ኛው ቀን ይገባል፤ ጃንዋሪ 20፣ ኤፕሪል 20፣ ጁላይ 20፣ ኦክቶበር 20። እነዚያ ቀናት በእኛ ቢሮ የበዓል ዋዜማ ይመስላሉ፤ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ዶሮ ብቻ የለም። ሎቢስቱ ሦስት ወር ሙሉ ማንን በየትኛው ረቂቅ ሕግ እንዳነጋገረ አስታውሶ እንዲነግረኝ ስለምነው፣ እሱ ደግሞ ስልኩን ሳያነሳ ሲቀር፣ ያለቀስኩባቸው ምሽቶች አሉ። የሚገርመው ቅጹ ራሱ ጠበቅ ያለ አይደለም። ወጪው እስከ ቅርብ 10 ሺህ ዶላር ተጠጋግቶ ነው የሚጻፈው። ለእርስዎና ለእኔ 10 ሺህ ዶላር ገንዘብ ነው፤ እዚያ ቅጽ ላይ ግን ማጠጋጊያ ነው።

ሎቢ ለሚለው ቃል አማርኛ ፈልግ ብባል «ደጅ ጥናት» እላለሁ። ጥንት ጉዳይ ያለው ሰው መኳንንቱ ግቢ ሄዶ ወራት ደጅ ይጠና ነበር። ብልሁ ግን ዝም ብሎ አይቆምም፤ አጋፋሪውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ጌታው በየትኛው ሰዓት ልቡ እንደሚራራ፣ በየትኛው ጉዳይ ላይ ቁጣው እንደሚነሳ የሚያውቀው አጋፋሪው ነውና። የዋሽንግተን ሎቢስት ከዚህም ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ ትናንት ራሱ አጋፋሪ ነበር። የኮሚቴ የሕግ አማካሪ፣ የሴናተር የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ወይም የዋይት ሐውስ ባልደረባ የነበረ ሰው ነው። የሜታ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ኃላፊ ጆኤል ካፕላን በ2011 ኩባንያውን ከመቀላቀሉ በፊት የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ምክትል የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር።

እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ዋሽንግተን ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ሲሾም እጁን ሰብስቦ የኖረ፣ ሲሻር ነው የሚበላው። ለዚህም ነው በ2007 የወጣው ሕግ ሴናተር ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ሁለት ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ደግሞ አንድ ዓመት የቀድሞ ባልደረቦቹን ሎቢ እንዳያደርግ የከለከለው። የተከለከለው ግን ፊት ለፊት ቀርቦ መማለድ ነው። ወንበር ስቦ ከጀርባ ተቀምጦ «ለእገሌ እንዲህ በሉት፤ እገሊትን በጠዋት አታናግሯት» እያሉ መምከር አልተከለከለም።

ጉቦ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ልምጣ። በአሜሪካ ሕግ ጉቦ የሚባለው ባለሥልጣኑ ለሚፈጽመው አንድ የታወቀ የሥራ ተግባር በልዋጭ ዋጋ ያለው ነገር ሲሰጠው ነው። ልዋጩ መረጋገጥ አለበት። የፖሊሱ 20 ዶላር ይህን ያሟላል፤ እርስዎ ሰጡ፣ እሱ ቅጣቱን ተወ። ሎቢስት ደመወዙን ከኩባንያው ተቀብሎ ሴናተሩን ሲያስረዳ ግን ለሴናተሩ የተሰጠ ነገር የለም። ከዚህም በላይ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብትን ይጠብቃል። አቤት የሚለው እርስዎም ሆኑ ሜታ፣ ሕጉ ፊት መብቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ እርስዎ አቤት የሚሉት ከሥራ በተረፈ ሰዓት በስልክ መሆኑ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መብቱ አይደለም፤ ፍርድ ቤቶች የጉቦን ትርጉም እያጠበቡ መሄዳቸው ነው። የቨርጂኒያ ገዥ የነበሩት ሮበርት ማክዶኔል ከአንድ ነጋዴ ከ175 ሺህ ዶላር በላይ የሚገመት ስጦታና ብድር ተቀብለው፣ ነጋዴውን ከመንግሥት ሠራተኞች ጋር በማገናኘታቸው ተከሰው ተፈርዶባቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ፍርዱን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ስብሰባ ማዘጋጀት፣ ስልክ መደወል፣ እንግዳ መጋበዝ ብቻውን «የሥራ ተግባር» አይባልም አለ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። የትኛውም ክፍለ ከተማ ቢሮ በር ላይ የቆመ ጉዳይ ገዳይ የሚሸጠው ይህንኑ ነውና፤ ማገናኘት።

ስጦታን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አንዳንዴም ያስቃል። የተመዘገበ ሎቢስት ለኮንግረስ አባል ወይም ለሠራተኛው ምሳ መጋበዝ አይችልም። በግብዣ አዳራሽ ቆመው የሚቀማምሱት ነገር ግን ይፈቀዳል። ሰዎች «የስንጥር ደንብ» ይሉታል፤ በስንጥር ተወግቶ የሚበላ ቁራሽ ምግብ ችግር የለውም፣ በሹካ የሚበላ ግን ምሳ ነው። እኔ እስካሁን መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ እንጀራ ከየትኛው እንደሚመደብ ነው። ክትፎ ቤት ወስዶ ማስፈረም ግን በእርግጠኝነት አይቻልም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፌስቡክ (የሜታ የያኔ ስሙ ነው) በ2009 ለፌዴራል ሎቢ ያወጣው 208 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር በገዛበትና አክሲዮኑን ለገበያ ባቀረበበት በ2012 ወጪው ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። በ2018፣ ማርክ ዙከርበርግ የ87 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት እጅ ገብቷል በተባለበት ጉዳይ ኮንግረስ ፊት በቀረበበት ዓመት፣ ከ12 ሚሊዮን አለፈ። በ2020 ወደ 20 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 24.4 ሚሊዮን። መንገዱን ልብ ይበሉ፤ ወጪው ከፍ የሚለው ኩባንያው ሲበለጽግ ብቻ ሳይሆን መንግሥት ዞር ብሎ ሲያየው ነው።

ይህን ትምህርት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የወሰዱት ከማይክሮሶፍት ነው። በ1990ዎቹ ማይክሮሶፍት ዋሽንግተንን ከቁም ነገር አይቆጥርም ነበር፤ እኛ ሶፍትዌር እንሥራ፣ እናንተ ፖለቲካችሁን ሥሩ የሚል ዓይነት መንፈስ። በሜይ 1998 የፍትሕ ሚኒስቴርና 20 ክፍለ ግዛቶች በሞኖፖሊ ከሰሱት። በ2000 አንድ ዳኛ ኩባንያው ለሁለት ይከፈል ብሎ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሚቀጥለው ዓመት የመክፈሉን ትእዛዝ ሻረው እንጂ ድንጋጤው አልተረሳም። ከዚያ በኋላ የመጡት ጉግልም ፌስቡክም አማዞንም እንደዚያ አልተዘናጉም። ጉግል በ2017 ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ።

24 ሚሊዮን ብዙ ነው ወይ? ለእኛ ይከብዳል። የሜታ የ2024 ገቢ ግን 164.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ገቢ ለፌዴራል ሎቢ የሄደው አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ነው። በሰዓት ብናሰላው የዓመቱ የሎቢ ወጪ የአንድ ሰዓት ከ18 ደቂቃ ገቢ ይሆናል፤ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ እስኪጠጣ ማለት ነው። በሌላ በኩል የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 በግል መረጃ አያያዝ ጉዳይ ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። ያ አንድ ቅጣት የ2024ቱን ዓይነት የሎቢ ወጪ ለ200 ዓመት ይሸፍናል። የኩባንያው የሒሳብ ሰው ቦታ ቁጭ ብለው ቢያስቡት፣ 24 ሚሊዮን ለምን ያህል ትንሽ ሆነ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም።

ትንሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ አለመቆጠሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጋዜጣ የሚወጣውን ቁጥር ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና።

ሪፖርቱ የሚመለከተው ፌዴራሉን ብቻ ነው። ሳክራሜንቶ፣ ኦስቲን ወይም አናፖሊስ ላይ በየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የሚወጣው ገንዘብ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ለየብቻው ይመዘገባል፤ ዛሬ ደግሞ ትልቁ ውጊያ እዚያ ነው። በ2025 ዩታ፣ ቀጥሎም ቴክሳስ የተጠቃሚን ዕድሜ የማረጋገጥ ግዴታ በአፕልና በጉግል የመተግበሪያ መደብሮች ላይ የሚጥል ሕግ አወጡ። ሜታ ይህን ሐሳብ ሲደግፍ ቆይቷል፤ ሸክሙ ከእሱ ትከሻ ይወርዳልና። አፕል አጥብቆ ተቃወመ። ሎቢ ማለት ሁልጊዜ ኩባንያ ከሕዝብ ጋር የሚያደርገው ትግል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ኩባንያ በኩባንያ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ሜዳው ነው።

ማስታወቂያም አይቆጠርም። ቴሌቪዥን ላይ «ኢንተርኔት አዲስ ሕግ ያስፈልገዋል» የሚል ማስታወቂያ ቢያዩ፣ ያ ሕዝብን ማሳመን እንጂ ባለሥልጣንን ማነጋገር አይደለም ተብሎ ከሪፖርቱ ውጭ ነው። ለጥናት ተቋማትና ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ድጋፍም እንዲሁ። የምርጫ መዋጮ ሌላ ሕግና ሌላ መዝገብ አለው። ኩባንያ ከካዝናው ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ መስጠት ከ1907 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ሠራተኞቹ በሚያዋጡት የፖለቲካ ኮሚቴ በኩል ግን ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2010 ውሳኔ ወዲህ ደግሞ ለዕጩ በቀጥታ በማይሰጡት፣ ሱፐር ፓክ በሚባሉት ኮሚቴዎች በኩል ገደብ የለም።

ከዚያ ሌላ ስም የሌላቸው ክፍያዎች አሉ። ሜታ በዲሴምበር 2024 ለፕሬዚዳንት ትራምፕ በዓለ ሲመት ፈንድ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ትራምፕ በ2021 አካውንታቸው በመታገዱ የመሠረቱትን ክስ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ፤ ከዚህ 22 ሚሊዮኑ ለፕሬዚዳንታዊ ቤተ መጻሕፍታቸው የሚውል ነው። ይህ አንድ ክፍያ ብቻውን ከ2024ቱ የሎቢ ወጪ ይበልጣል። የሎቢ ሪፖርቱ ውስጥ የለም፤ ሕጉም እንዲኖር አይጠይቅም። ክስ መዝጋት ነዋ።

ሰዎቹም ሁሉ አይመዘገቡም። አንድ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ለአንድ ደንበኛ ከሚሠራው ሥራ ሎቢው ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሎቢስት ተብሎ አይመዘገብም። በሙያችን «አሥራ ዘጠኝ በመቶዎቹ» እያልን የምንቀልድባቸው አሉ፤ የሥራ ማዕረጋቸው «ስትራቴጂያዊ አማካሪ» ነው። የሴኔቱ የዴሞክራቶች መሪ የነበሩት ቶም ዳሽል በ2004 ምርጫ ተሸንፈው ከወጡ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያማክሩ ኖረው የተመዘገቡት በ2016 ነው። ክፍተቱ እስከ ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራል።

ቁጥሩ የሚያታልልበት ሌላም መንገድ አለ። ኩባንያው የውጭ ሎቢ ድርጅት ሲቀጥር ድርጅቱ ክፍያውን «ገቢ» ብሎ ያሳውቃል፤ ኩባንያውም ያንኑ ገንዘብ በራሱ «ወጪ» ውስጥ ያካትታል። ሁለቱን ደምሮ «ያወጡት ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው አንዱን ብር ሁለቴ ቆጥሯል። ቁጥሩ ሲወርድም ቶሎ አይደሰቱ። ጉግል በ2018 ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ነበር፤ በ2019 ግማሽ ደርዘን ያህል የሎቢ ድርጅቶችን አሰናበተና በ2020 ወጪው ከ10 ሚሊዮን በታች ወረደ። በዚያው በ2020 የፍትሕ ሚኒስቴር በኢንተርኔት ፍለጋ ሞኖፖሊ ከሰሰው። ጉግል ደጅ መጥናት የተወበት ዓመት ነበር ብሎ የሚያምን ካለ፣ እኔ አላምንም።

ምን ያገኛሉ ላሉት፣ ሰው ሁሉ ሎቢስት ሕግ የሚያስወጣ ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ግን ሕግ እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ ያም ይቀላል። በ2023 እና በ2024 በነበረው ኮንግረስ ከ15 ሺህ በላይ ረቂቆች ቀርበው ሕግ የሆኑት ከ300 ያነሱ ናቸው። ረቂቅ በንዑስ ኮሚቴ፣ በኮሚቴ፣ በምክር ቤቱ፣ በሌላኛው ምክር ቤት፣ በፕሬዚዳንቱ ያልፋል። እዚህ ሁሉ በር ላይ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ሁሉንም በር ማስከፈት አለበት፤ ለማስቀረት የሚፈልግ አንዱን ማዘጋት ይበቃዋል። መዝጋትም የለበትም፤ «እስኪ ለሚቀጥለው ሳምንት» ማስባል ይበቃል። የኮንግረስ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ ያልተወሰነበት ረቂቅ ዘመኑ ሲያልቅ አብሮ ይሞታል።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥዎ። ኦክቶበር 5 ቀን 2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስትመሰክር፣ የኩባንያው አሠራር የብሔር ግጭትን ያባብሳል ብላ ኢትዮጵያን በስሟ ጠርታ ነበር። ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ የእኛ ሰው፣ ሬዲዮው ላይ እሷ። ቤት እስክንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም። የንዑስ ኮሚቴው መሪዎች፣ ዴሞክራቱ ሪቻርድ ብሉመንታልና ሪፐብሊካኗ ማርሻ ብላክበርን፣ ከአራት ወር በኋላ የሕፃናትና የወጣቶች የኢንተርኔት ደኅንነት ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ልብ ይበሉ፤ የኢትዮጵያው ጉዳይ ረቂቁ ውስጥ የለም፤ ረቂቁ የአሜሪካ ልጆች ጉዳይ ነው። ያም ሆኖ በጁላይ 2024 ሴኔቱ 91 ለ3 አሳለፈው። 91 ለ3! በዚህ በተከፋፈለ ዘመን ሴኔቱ በዚያ ድምፅ የሚስማማበት ነገር ጥቂት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ዓመቱ አለቀ፤ ረቂቁም አብሮ አለቀ። በ2025 እንደገና ከሀ ተጀመረ።

ሎቢው ብቻውን ገደለው ብል እዋሻለሁ። የመናገር ነፃነት ድርጅቶችም ከልባቸው ተቃውመውታል፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካን መሪዎችም የራሳቸው ሥጋት ነበራቸው። ጥሩ ሎቢስት ግን እሳት አያነድም፤ የነደደው ላይ ነው እፍ የሚለው። ከልቡ የሚቃወም ሰው ካለ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ጥናት ያቀብለዋል፣ ከሌላው ተቃዋሚ ጋር ያገናኘዋል። የኩባንያው ስም የትም አይታይም።

ገንዘብ ሁሉን ያደርጋል ማለት ግን አይደለም። የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስ በ2023 ለሎቢ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በማርች 2024 የተወካዮች ምክር ቤት ኩባንያው ቲክቶክን እንዲሸጥ የሚያስገድደውን ረቂቅ 352 ለ65 አሳለፈ፤ በኤፕሪል ሕግ ሆነ። ሁለቱም ፓርቲዎች ከቆረጡ፣ ጉዳዩም የአገር ደኅንነት ከተባለ፣ ሎቢስት የሚይዘው በር ያጣል። የራሳችንን ደግሞ ያስታውሱ። በ2017 የኢትዮጵያ መንግሥት ዋሽንግተን ላይ በወር 150 ሺህ ዶላር የሚከፈለው የሎቢ ድርጅት ቀጥሮ ነበር። በሌላው ወገን የቆሙት ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድ፣ ከኮሎራዶና ከሚኒሶታ በራሳቸው ወጪ የሚመጡ፣ ከፈረቃቸው ፈቃድ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 የተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ላይ የቀረበውን 128ኛውን የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። የውሳኔ ሐሳብ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፣ ውጤቱንም አላጋንንም። ግን የምርጫ ወረዳው ነዋሪ ቢሮው ድረስ ሲመጣ፣ ተወካዩ በወር 150 ሺህ የሚከፈለውን ሰው ማስጠበቁ አይቀርም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው፤ እውቀት። አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ከ18 የማይበልጡ ቋሚ ሠራተኞች አሉት። ከእነሱ መካከል ቴክኖሎጂውን የሚከታተለው ብዙ ጊዜ ዕድሜው በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ፣ ጠዋት ስለ ግብርና፣ ከሰዓት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠየቅ ልጅ ነው። ኮንግረሱ የራሱ የቴክኖሎጂ ምዘና ቢሮ ነበረው፤ በ1972 ተቋቁሞ፣ ሳይንቲስቶች ቀጥሮ፣ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ እያወጣ ለአባላቱ ገለልተኛ ጥናት ያቀርብ ነበር። በ1995 በጀት ለመቆጠብ ተብሎ ተዘጋ። የዛሬው የሎቢ ምዝገባ ሕግ የወጣውም በዚያው በ1995 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሎቢስቶቹን መዘገቡና የራሳቸውን አዋቂ አባረሩ። ዛሬ ያ ወጣት ሠራተኛ «ኢንክሪፕሽን (የመልእክት ምስጢር መቆለፊያ) ብናዳክመው ምን ይፈጠራል?» የሚል ጥያቄ ሲኖረው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርት ያለ ሁለት ገጽ ማብራሪያ የሚልክለት የኩባንያው ሎቢስት ነው። ማብራሪያው ውሸት አይኖርበትም፤ ቢዋሽ ሁለተኛ አይጠራም። የሚጎድለው ያልተጻፈው ነው። በ2018 አንድ አንጋፋ ሴናተር ዙከርበርግን ተጠቃሚ ካልከፈላችሁ በምን ትኖራላችሁ ብለው ጠይቀው፣ ማስታወቂያ እንሸጣለን የሚል መልስ ሲሰጣቸው አገር ሳቀ። እኔ ያዘንኩት ጥያቄውን ባዘጋጀው ቢሮ ነው።

ስለዚህ በአንድ ቃል መልስ ካስፈለገዎ፦ ጉቦ አይደለም። ጉቦ ቢሆን ይቀል ነበር፤ ጉቦ ሰጪና ተቀባይ አለው፣ ይያዛል፣ ይከሰሳል። ይሄ በደረሰኝ የሚሠራ ደጅ ጥናት ነው።

ሪፖርቱን ራስዎ ማየት ከፈለጉ የሴኔቱ ጸሐፊ የሎቢ መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ። የሚፈልጉት ስም «ሜታ ፕላትፎርምስ» ነው፤ የድሮዎቹን ለማየት «ፌስቡክ» ብለውም ይፈልጉ። ከላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አልፈው ወደ መስመር 16 ይውረዱ፤ ስለየትኞቹ ረቂቆች እንዳነጋገሩ እዚያ አለ። ደገፉ ወይስ ተቃወሙ የሚል ግን አያገኙም፤ ሕጉ አይጠይቅም። የትኛውን ሴናተር እንዳገኙም እንዲሁ፤ መስመር 17 ላይ «ሴኔት»፣ «የተወካዮች ምክር ቤት» ወይም የመሥሪያ ቤት ስም ብቻ ነው ያለው። መስመር 18 ላይ የሎቢስቶቹን ስም ያገኛሉ፤ አዲስ ስም ሲገባ ባለፉት 20 ዓመታት መንግሥት ውስጥ የነበረው ሥራ ከጎኑ ይጻፋል፤ እኔ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። አንድ ሩብ ዓመት ላይ ሁለት ሪፖርት ካገኙ ደግሞ አይደናገሩ፤ አንዱ «ማሻሻያ» የሚል ምልክት አለው፣ የሚቆጠረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ላይ ስልኩን ያላነሳ ሎቢስት ነበር ማለት ነው።